ዳኛው ሲመዘን

ቨርሊን ስታውፈር «ተሳስቻለሁ» ሲል የሰማሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ሰማንያ ዓመት ሊሞላው አራት ሲቀረው፣ እኔው ፊት፣ የፖስታ ቤቱ ሚዛን ላይ አጎንብሶ። በዚያች ሰዓት ጣሪያው ቢደረመስብኝ እንደዚያ አልደነግጥም ነበር።

ቨርሊንን በከተማችን በብሬነርስቪል የማያውቀው የለም። አርባ ዓመት ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ሲልጥ የኖረ ሰው ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ሌላው ሁሉ ካርቶን ተሸክሞ እያለቀሰ ወጣ፤ እሱ ግን አንዱን አሮጌ ቶርኖ ገዝቶ፣ በክፍል በክፍል ፈታትቶ ምድር ቤቱ አስገባው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሽጉጥ መሥራት ነው። ለመሸጥ አይደለም። ከሕጋዊው ሱቅ መለያ ቁጥር የተመታበትን የሽጉጥ ጥሬ አካል ይገዛና ሌላውን ሁሉ በሞረድና በዘይት ድንጋይ፣ ክረምቱን ሙሉ፣ ትንሽ በትንሽ ያገጣጥመዋል። የላዩን ብረት በታችኛው ላይ ሺህ ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየገፋ ድምፁን ያዳምጣል። በጆሮው ነው የሚሞርደው። አንዷን ሽጉጥ ለመጨረስ ሁለት ክረምት ይፈጅበታል። ሚስቱ ሎይስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንዲህ ስትል ሰምቻታለሁ፦ «እኔ ባል የለኝም እቴ። ምድር ቤቴ ውስጥ ብረት የሚበላ አይጥ አለኝ።»

እኔ ኖሪን እባላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ቆሜያለሁ፤ ከዚያ የሚበልጥ ዘመን ደግሞ የተኳሾች ክበባችን አባል ነኝ። ዒላማ የምመታው ዒላማው ራሱ መጥቶ ሲላተመኝ ነው ብለው ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አልቀርም፤ ወሬውም ምሳውም እዚያ ነው።

በክበባችን ውድድር ሳይጀመር በፊት አንድ ሥርዓት አለ። የሽጉጥ ምላጭ፣ ማለት ጣት የሚስበው ነገር፣ ሦስት ፓውንድ ተኩል፣ ከአንድ ኪሎ ተኩል አለፍ ያለ ክብደት፣ መሸከም አለበት። ከዚያ ከላላ ባለቤቱ ሳያስበው ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ባዶ ሽጉጡን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ይመጣል፣ ምላጩ ላይ ክብደት ይንጠለጠላል፣ ሽጉጡ ወደ ላይ ይነሳል። ምላጩ ከቻለው አለፍክ። «ቀጭ» ካለ ወደቅክ። ሦስት ጊዜ ይሞከራል፤ ከሦስት በኋላ ይግባኝ የለም።

ያንን ክብደት ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የሠራው ቨርሊን ነው። ከነሐስ ልጦ፣ እንደ መስታወት ወልውሎ፣ ከላዩ ረጅም የብረት ሜንጦ አበጅቶለት፣ ቀይ ጨርቅ በለበሰ የሲጋራ ሳጥን ውስጥ አስተኝቶታል። ስሙን «ዳኛው» አልነው። ቅዳሜ ጠዋት ቨርሊን ሳጥኑን ሲከፍት ወሬ እንኳ ጸጥ ይላል። አንድ ሰው ምላጩ ወድቆ ሲያጉረመርም፣ ቨርሊን ቀና ብሎ ሳያየው፣ «ዳኛው አይዋሽም» ይላል። በቃ፣ አለቀ።

ነገሩ የተጀመረው በገና ነው። ሎይስ አዝናለት የምላጭ መለኪያ ገዛችለት፤ ሲስቡት ቁጥር የሚያሳይ፣ በባትሪ የሚሠራ። ዓይኑ እየደከመ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ያግዘዋል ብላ ነው። ያኔ ይሠራው የነበረውን ሽጉጥ የመጨረሻዬ ነው ብሎ ነበር። ምላጩን በዳኛው አስተካክሎ፣ ለሳቅ ያህል በመለኪያው ሳበው። መለኪያው ከሦስት ፓውንድ ተኩል በላይ ሁለት አውንስ ተኩል ጨምሮ አሳየው።

በማግስቱ መለኪያውን በካርቶን አሽጎ መስኮቴ ላይ ዱብ አደረገው።

«መልሺልኝ። የተበላሸ ዕቃ ነው የላኩብኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ይዋሻል።»

ሌላ ላኩለት። ሁለተኛውም ያንኑ ቁጥር አሳየው፤ መለሰው። ሦስተኛ ላኩለት። በየካቲት አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሩን ከፍቶ ሲገባ በእጁ ካርቶን እንዳልያዘ አየሁ። የያዘው የሲጋራ ሳጥኑን ነው።

«ሦስተኛውንስ አልመለስከውም?» አልኩት። «የኩባንያው ሰዎች እኮ ፎቶህን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ‹ይህ ሰው ከደወለ ስልኩን ዝጉ› ሳይሉ አይቀሩም።»

አልሳቀም። «ኖሪን፣ ሚዛንሽ ትክክል ነው?»

«በየዓመቱ መጥተው ይፈትሹታል። ምነው?»

ሳጥኑን ከፈተ። ዳኛውን ከነጨርቁ አውጥቶ፣ ጨርቁን አንስቶ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ሚዛኑ ላይ አጋደመው። ቁጥሩ መጣ። እኔ አነበብኩት፤ እሱም አነበበው።

«ዜሮ አድርጊውና እንደገና» አለኝ።

እንደገና መዘንኩ። ያው ነው። ከመደርደሪያ አንድ ፓውንድ ስኳር አምጥቼ ሚዛኑን ራሱን ፈተንኩት፤ ሚዛኑ ደህና ነው። ለሦስተኛ ጊዜ አስቀመጥነው። ሦስት ፓውንድ ተኩል፣ ደግሞም ሁለት አውንስ ተኩል። የአንድ እንቁላል ክብደት ትርፍ ነው።

ቨርሊን ሜንጦውን ይዞ ማዞር ጀመረ። ፈታው። ሜንጦውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ነሐሱን ለብቻው መዘነው። ሦስት ፓውንድ ተኩል፣ ቅንጣት ሳይጎድል፣ ቅንጣት ሳይተርፍ። ያ ሰው የሠራው ነገር መቼ ዝንፍ ብሎ ያውቃል!

«ነሐሱን ፋብሪካ መዘንኩት» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሚዛኑ ነው የሚያወራው። «ሜንጦውን ቤት ነው የሠራሁት። በኋላ ነው የሠራሁት። ሜንጦውን... ሜንጦውን አልቆጠርኩትም።» ከዚያም፣ ጆሮዬን እስክጠራጠር ድረስ በቀስታ፣ «ተሳስቻለሁ» አለ።

እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት! ሠላሳ አንድ ዓመት ዳኛው ሲፈርድብን ኖሯል ማለት ነው፤ በሐሰት ሚዛን። አፌን በእጄ ይዤ ስቆም ግን የመጣልኝ የሠላሳ አንዱ ዓመት ሰው ሁሉ አልነበረም። አንድ ሰው ነው።

«ኦሪን» አልኩ፤ ከአፌ አምልጦኝ ነው።

ቨርሊን ዓይኑን ጨፈነ።

ኦሪን የቨርሊን ታናሽ ወንድም ነው። እሱም የብረት ሰው ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ሽጉጡን በገዛ እጁ ሠራ፤ ሁለት ክረምት ምሳውን እየዘለለ ሠራት። የአውራጃው ቡድን የሚመረጥበት የግንቦት ውድድር ነበር፣ ኦሪን ደግሞ በዚያ ዓመት ከሁላችን የተሻለ ተኳሽ ነበር። ምላጩን ከአንድ የሚዛን ባለሙያ በተዋሰው ክብደት ለክቶ፣ ልክ ሕጉ የሚለው ላይ፣ ፀጉር ሳያስተርፍ አቁሞት መጣ። ኩራቱ ያ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ለጥንቃቄ ትንሽ አክብዶ ይመጣል፤ ኦሪን ግን የስታውፈር ልጅ ነው፣ ልክ ማለት ልክ ነው።

ቨርሊን ዳኛውን አንጠለጠለ። ቀጭ። ሁለተኛ፤ ቀጭ። ሦስተኛ፤ ቀጭ።

«ለክቼዋለሁ እኮ» አለ ኦሪን።

«አይሆንም።»

«ቨርሊን፣ ወንድሜ፣ ለክቼዋለሁ አልኩህ!»

«ዳኛው አይዋሽም። የሚቀጥለው!»

ከኋላ አንዱ «በወንድሙ ተማምኖ ሊያጭበረብር ነበር» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ለምን እዋሻለሁ? ኦሪን ሽጉጡን ወደ ቦርሳው መልሶ ወጣ። ሌሎች የወደቁ ሰዎች ምላጫቸውን አክብደው በሳምንቱ ይመለሱ ነበር። ኦሪን ግን አልተመለሰም። ከወንድሙም ጋር ከዚያች ቀን ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ቤታቸው መሐል አራት ማይል ነው ያለው። እናታቸው ስትቀበር ከመቃብሩ ወዲህና ወዲያ ቆመው፣ አንዱ አፈር ሲጥል ሌላው ሰማይ ያያል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ካደረ ንጋት ግን እግዜር ይሰውረን።

ቨርሊን ሜንጦውን መልሶ አሰረው። ዳኛውን ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ አስገባ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና ወደ እኔ ዞረ።

«ቶርኖ ላይ አስሬ ሁለት አውንስ ተኩል ብልጠው» አለ፣ «ማንም አያውቅም።»

«ምን አልክ?»

«ከእንግዲህ ልክ ይሆናል። ያለፈው አልፏል። ሁላችንም አርጅተናል፣ ኖሪን።»

ደሜ ፈላ። «ስማኝ አንተ ሰውዬ! በወንድምህ ዓይን ያለውን ጉድፍ ሃያ ሁለት ዓመት ስታሳየን ኖረህ፣ ያንተን ግንድ በቶርኖ ልትልጠው ነው?»

«አትናገሪብኝ ብቻ።»

«እኔ የፖስታ ቤት ሰው ነኝ፤ የታሸገ ነገር አልከፍትም። ግን ዓይንህን ማየት አልፈልግም፣ ሂድልኝ!»

ሄደ። ሦስት ሳምንት ጠፋ። ደብዳቤውን እንኳ ሎይስ እየመጣች ትወስድ ነበር። «ምድር ቤት ነው፤ አይበላም፣ አይተኛም፣ ምን እንደነካው አላውቅም» ትለኛለች። እኔ ምላሴን ነክሼ ቴምብር እቆጥራለሁ።

በመጋቢት የመጀመሪያው ቅዳሜ ውድድር ተከፈተ። ክበቡ ስገባ ቨርሊን እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፣ ሳጥኑ ፊቱ ነው። ከፈተው። ቀርቤ አየሁ። ዳኛው አንድ ወገኑ አዲስ ተልጦ እንደ ወርቅ ያብረቀርቃል። አደረገው! ልጦታል! ሳይናገር ልጦ ይዞት መጣ! ወደ ጠረጴዛው ተራመድኩ፤ የዝምታዬ ነገር አብቅቶ ነበር፣ ልናገር ነው።

ቨርሊን ግን እጁን ወደ እኔ ዘረጋና «ቆዪ፣ ኖሪን» አለ። ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ። እኛ ዘንድ ሰው ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለመዝሙርና ለሬሳ ስለሆነ ሁሉም ዝም አለ።

«ዳኛው ሠላሳ አንድ ዓመት ሲዋሽ ኖሯል» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሜንጦውን አልመዘንኩትም። ሁለት አውንስ ተኩል ይከብድ ነበር። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የወደቃችሁ ሁሉ፣ ማን በሐቅ እንደወደቀ፣ ማን በኔ ስሕተት እንደወደቀ አላውቅም። አንዱን ግን አውቃለሁ። ኦሪን አላጭበረበረም። ልክ ነበር። ፀጉር አልተሳሳተም።»

አሥራ ስምንት ሰው ነበርን። ያኔ «ሊያጭበረብር ነበር» ብሎ የሳቀው ሰው ዛሬ ምርኩዝ ይዞ ከፊት ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለኦሪን ነግረኸዋል?» አለ ሰውየው።

«አልነገርኩትም። የተዋረደው እዚህ ነው። መጀመሪያ እዚህ መነገር አለበት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ነይ እንሂድ፤ ሚዛኑን ያነበብሽው አንቺ ነሽ። እኔን ባያምነኝ አንቺን ያምንሻል» አለኝ።

በእኔ መኪና ነው የሄድነው፤ እጁ መሪ አይዝለትም ነበር። መንገዱን ሙሉ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በደረት ኪሱ ደግሞ አንድ ነገር ደጋግሞ ይዳስሳል።

ኦሪን በረንዳው ላይ እንጨት ይደረድር ነበር። ወንድሙ ከመኪናዬ ሲወርድ አይቶ የያዘውን እንጨት አልጣለም፣ አላስቀመጠም፤ ይዞት ቆመ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም» አልኩት ፈጥኜ።

ቨርሊን ደረጃው ሥር ቆሞ፣ ሳይወጣ፣ አንገቱን ደፍቶ ነገረው። ሜንጦውን፣ መለኪያውን፣ የፖስታ ቤቱን ሚዛን፣ ክበቡ ውስጥ የተናገረውን። አላሳመረውም፣ አላስረዘመውም። «ልክ ነበርክ» አለ መጨረሻ ላይ። «ልክ ነበርክ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ብትጠላኝ አይፈረድብህም።»

ኦሪን እንጨቱን እንደያዘ ወደ ቤት ገባ። በሩን በፊታችን ዘጋው ብዬ ነበር። ጓዳው ውስጥ ዕቃ ሲንኳኳ፣ ምስማር ሲፈስ ሰማን። ተመልሶ ሲወጣ በእጁ አንድ የዛገ ባልዲ ይዟል። ከባልዲው ሥር ሁለት የብረት ቁራጭ አውጥቶ በረንዳው ላይ አኖረ። ዝገት በልቷቸዋል፤ ቢሆንም ምን እንደነበሩ ይታወቃል። ሽጉጧ ናት፤ ከመሐሏ በመጋዝ ለሁለት ተከፍላለች።

«በማግስቱ ነው የቆረጥኳት» አለ።

ሁለት ክረምት የለፋባትን! ንዴቴ መጣ። «ለምን እንደገና አልለካሃትም፣ ኦሪን? በተዋስከው ክብደት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብትለካት ኖሮ...»

«ለምን ብዬ ነው የምለካት?» ኦሪን እኔን እንደ ሞኝ አየኝ። «ቨርሊን ወድቃለች አለ። ቨርሊን እኮ አይሳሳትም።» ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞረ። «እኔ አንተን ጠልቼ አላውቅም። የተዋስኩትን ክብደት በትክክል ማንጠልጠል አቅቶኝ ነው ብዬ ነበር። እጄ ደንቆሮ ነው፣ ዓይኔ አያይም፣ ሳላውቀው አጭበርብሬ ወንድሜን በሰው ፊት አዋረድኩት ብዬ ነበር። አንተን ቀና ብዬ ማየት አፍሬ ነው የቀረሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞረድ አልያዝኩም።»

ቨርሊን ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔ ያኔ ፖስታ ቤት ውስጥ የደነገጥኩት ድንጋጤ የልጅ ጨዋታ ሆነብኝ። ተቆጥቶ ነው የቀረው ስንል የኖርነው ሰው፣ አምኖት ነበር የቀረው።

ቨርሊን ከደረት ኪሱ አንዲት የሳል ከረሜላ ቆርቆሮ አወጣ። ከዳኛው ላይ የላጠውን የነሐስ ፍቅፋቂ አንድ ሳያስቀር ሰብስቦ ነው ያመጣው። ለወንድሙ ዘረጋለት።

ኦሪን ክዳኑን ከፍቶ አየ። መዳፉ ላይ ገለበጠው፤ የሚያብረቀርቀው ፍቅፋቂ እፍኝ እንኳ አልሞላም። እጁን ዝቅ ከፍ እያደረገ፣ የብረት ሰው እንደሚያደርገው፣ መዘነው።

«ይህቺ ናት?» አለ።

«እሷ ናት።»

ኦሪን ደግሞ መዘናት። ደግሞም። «ቨርሊን» አለ በመጨረሻ፣ «ምንም አትከብድም እኮ።»

ከዚያ መጥቶ ወንድሙ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። መዳፉን ጨብጦ እንደያዘ ነበር፤ እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስጠብቅ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፈታውም።